300 ሰው የሚጠራበት ስብሰባ፦ ማይኩን አምስት ሰው ብቻ እንዳይዘው ምን ይደረግ?

ጸሐፊዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። በቤቶቹ መሀል ለዓመታት ባዶውን የኖረ የጋራ ቦታ አለን። ምን እናድርግበት የሚለውን ለመነጋገር አባላቱን በሙሉ ልንጠራ ነው፤ 300 ያህል ሰው ይመጣል ብለን እንገምታለን። ያለን ጊዜ ግማሽ ቀን ነው። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወንበሩም እንደፈለጉ የሚያዘዋውሩት ዓይነት ነው።

ዝግጅቱ ለእኔ ተሰጥቷል። የእስካሁኑን ቃለ ጉባኤ ሳገላብጥ የተናጋሪዎቹ ስም ሁሌም ያው ነው። መድረኩ ክፍት ነው ሲባል የታወቁት ሰዎች እጅ ያወጣሉ፤ አንዱ «የቀደሙት ተናጋሪ እንዳሉት» ብሎ ይጀምርና የተባለውን ሁሉ ይደግመዋል፤ ሌላው «አካሄድ!» ብሎ ይነሣና ስለ አካሄድ ሩብ ሰዓት ያወራል። ከኋላ የሚቀመጡት፣ በተለይ ሴቶችና ወጣቶች፣ አዳራሽ ውስጥ ዝም ብለው ይቆዩና ሲወጡ በር ላይ ነው የሚናገሩት። እውነቱን ለመናገር በር ላይ የምሰማው ይሻላል።

ሰብሳቢያችን ዘንድሮም መድረክ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ የአንድ ሰዓት የባለሙያ ገለጻ፣ ከዚያ ጥያቄና መልስ፣ በመጨረሻም እጅ በማውጣት ድምፅ ይሰጥ ይላሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። ግን በምን ልተካው? ስለ አቀማመጡ፣ ስለ አወያዮቹ፣ ስለ ሰዓት ክፍፍሉና ስለ ድምፅ አሰጣጡ የሠራችሁበት ሰዎች ብትነግሩኝ።

የጥግ ወንበር፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ከሰብሳቢሽ ጋር አንድ ወረቀት አውጡና አብራችሁ አስሉ። 300 ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢናገር 600 ደቂቃ ነው፤ አሥር ሰዓት ሙሉ፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ጭብጨባ። ከግማሽ ቀናችሁ ላይ መክፈቻውንና ገለጻውን ስትቀንሺ ለውይይት የሚተርፍሽ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ 60 ሰው ማለት ነው። እሱም በወረቀት ላይ ነው፤ በሁለት ደቂቃ የሚያበቃ ተናጋሪ የት አለና! 20 ሰው ከተናገረ ጥሩ ነው። ሰብሳቢው የቱንም ያህል ቅን ይሁን፣ በአንድ ማይክ የሚመራ ትልቅ ስብሰባ አብዛኛውን ሰው አድማጭ አድርጎ ይልካል። እነዚያን አምስት ሰዎች አትውቀሺ፤ የተሰጣቸውን ማይክ ነው የያዙት።

ማወያየት እንጀራዬ ነውና ስለ አቀማመጥ ብዙ ማለት እችላለሁ። ከእሱ በፊት ግን ኮሚቴው ቁጭ ብሎ የሚመልሰው ነገር አለ፦ ስለዚህ ቦታ ገና ያልተወሰነው ምንድን ነው? ያለቀለትን፣ ገና ክፍት የሆነውንና በእናንተ ሥልጣን ያልሆነውን ለይታችሁ ጻፉ። ቦታው እንደማይሸጥ ከዚህ ቀደም ከወሰናችሁ ያ አልቋል፤ ሲጀመር በግልጽ ተናገሩትና እለፉ። የውሃ መስመሩ የሌላ አካል ከሆነ እሱም የእናንተ አጀንዳ አይደለም። ይህንን ለይታችሁ ስትጨርሱ ክፍት ነው ያላችሁት ነገር ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ስብሰባ አትጥሩ፤ ማስታወቂያ ለጥፉ።

ሸሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣችው የተሳትፎ መሰላል ስምንት እርከን አለው። ከታች ሰውን ለማጃቢያ መጠቀም፣ መሀል ላይ ማሳወቅና ማማከር፣ ከላይ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ የሚያዝበት። መጥሪያችሁ ላይ የት እንደቆማችሁ ይጻፍ። «ሐሳባችሁን ሰምተን ኮሚቴው ይወስናል» ማለት ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ «እናንተ ወስኑ» ብሎ ጠርቶ ባለቀ ነገር ማስጨብጨብ ነው። የይስሙላ ስብሰባ አንዴ የተቀመጠ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ ቢመጣም ሊሳደብ ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። መድረኩን ተዪው። በአንድ ጠረጴዛ ስምንት ሰው አድርጊ፤ 38 ጠረጴዛ ይሆናል። ከ10 ካለፈ ግራና ቀኙ የየራሱን ወሬ ይጀምራል። ክብ ጠረጴዛ ከሌላችሁ ወንበሩን ብቻ በክብ መደርደር ይበቃል። ረጅሙን ጠረጴዛ ግን ራቂው፤ ራስጌ አለው፣ ራስጌው ላይ የተቀመጠውም ማንም ሳይመርጠው ሰብሳቢ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰው ደግሞ ከሚያውቀው ጋር እንዳይሰበሰብ በር ላይ ስትመዘግቡ የጠረጴዛ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ በተርታ ስጡ። ባልና ሚስት በዚሁ ይለያያሉ፤ እናትም ልጇ ከጎኗ የለም ብላ የልቧን ትናገራለች።

38 የሠለጠነ አወያይ ከየት ላምጣ ትይኝ ይሆናል። አታመጪም። ከአባላቱ መሀል የመስማት ትዕግሥት ያላቸውን መርጠሽ ከስብሰባው በፊት ግማሽ ቀን አለማምጂያቸው። የኮሚቴ አባል ግን አወያይ አይሁን። ሰው ኮሚቴውን ሊወቅስ ሲል ኮሚቴው ፊቱ ተቀምጦ ይጽፋል! አወያዩ የራሱን ሐሳብ አይናገርም፤ ሥራው ተራ ማስጠበቅና የተባለውን በተናጋሪው ቃል መጻፍ ነው። ጽፎም ያነባል፤ «እንዲህ ነው ያሉት?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚች ጥያቄ በኋላ ሰውየው «አይ፣ እንዲህ ለማለት ነው» ብሎ የሚጨምረው ነው ብዙ ጊዜ ዋናው።

ሺዎችንም እንዲህ ማወያየት እንደሚቻል ታይቷል። ከመስከረሙ ጥቃት በኋላ በወርልድ ትሬድ ሴንተር ቦታ ላይ ምን ይሠራ ለማለት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2002 ኒው ዮርክ ውስጥ ከ4,000 በላይ ሰው በአንድ አዳራሽ ተቀምጧል። ያዘጋጀው አሜሪካ ስፒክስ የሚባል ድርጅት ነበር። በየጠረጴዛው 10 ያህል ሰው፣ አንድ አወያይና አንድ ኮምፒውተር ነበረ፤ የሚጻፈው ሁሉ በኔትዎርክ ወደ አንድ ቡድን ይሄዳል፣ ቡድኑ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ ያደርግና በትልቅ ስክሪን መልሶ ያሳያል፣ ሰውም በእጁ በያዘው ባለ ቁልፍ መሣሪያ ድምፁን ይሰጣል። ቀርበው ከነበሩት ስድስት ንድፎች አንዱም አልተወደደም፤ ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። አንቺ ኮምፒውተር አያስፈልግሽም። ካርድ፣ ማጣበቂያ፣ ካርዱን እየሰበሰቡ የሚያመላልሱ ልጆችና ጥግ ላይ ሆነው የሚለዩ አምስት አንባቢዎች ይበቁሻል።

ካርዱ ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ ይጻፍ፣ እሱም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሁን። «ውሃ» ተብሎ የተጻፈ ካርድ ለለዪዎቹ ምንም አይነግራቸውም፤ ይፍሰስ? ይግባ? ይሸጥ? «ዝናብ ሲጥል መግቢያው ላይ ውሃ ይተኛል» የሚል ግን የት እንደሚለጠፍ ራሱ ይናገራል። አወያዮቹን ስታለማምጂ ከሁሉ በላይ ይህን አስደጋግሚያቸው።

ኋላ የቀረሁት፦

እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ጠረጴዛ ጥሩ ነው፤ ግን ሰውን መበተኛም ይሆናል። እኔ የተቀመጥኩበት አንድ ስብሰባ ላይ ሁላችንም አንድ ቅሬታ ይዘን ነበር የመጣነው። በየጠረጴዛው ተደለደልን፣ ቅሬታችን በየካርዱ ተቆራረጠ፣ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ «አንዳንድ ተሳታፊዎች ሥጋታቸውን ገልጸዋል» የሚል አንድ መስመር ሆኖ ወጣ። አንዳንድ! አዳራሹ በሙሉ እኮ ነው ያለው። ሁላችንም እርስ በርስ ብንሰማማ ኖሮ እንዲህ ብሎ መጻፍ ባልተቻለ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ሰው ተቆጥቶ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ በጋራ ይናገር። ሁለተኛ፣ ትልቅ ስብሰባ በአንድ ቀን ሁሉን ይጨርሳል ብላችሁ አታስቡ። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪው በበጀት ላይ እንዲወስን ማድረግ ሲጀመር በየአካባቢው ሰፊ ስብሰባ ይደረግ ነበር፤ ስብሰባው ግን ተወካይ ይመርጣል፣ ተወካዮቹም ዓመቱን ሙሉ ዝርዝሩን ይከታተላሉ። እናንተም ከአዳራሹ ስትወጡ ነገሩን የሚከታተሉ፣ ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሰዎች ተመርጠው ይሁን። ያለዚያ ካርዱ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

የጥግ ወንበር፦

ወንድሜ፣ የተከታታዮቹን ነገር ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ እኔ መጥቀስ ነበረብኝ። «አንዳንድ ተሳታፊዎች» የምትለዋ ቃል ደግሞ ከሪፖርት ውስጥ መታገድ ያለባት ናት። መድኃኒቷ ቁጥር ነው፦ «ከ38 ጠረጴዛ በ31ዱ ተነሥቷል» ተብሎ ይጻፍ። እንዲያውም እንዲህ ከሆነ የአንተ ቅሬታ በማይክ ከሚጮኸው ይልቅ በጠረጴዛ ይጠነክራል፤ ማይክ ላይ አምስት ሰው ሲናገረው «የአምስት ሰው ጩኸት ነው» ብለው ያልፉታልና።

በጋራ ይነገር የሚለውን ግን ገደብ ሳታበጂለት አትቀበዪ እህቴ። ለጋራ መድረክ 30 ደቂቃ መድቢ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ። ማይኩን የሚይዘው የእናንተ ሰው ይሁን፤ ለተናጋሪው ያስጠጋለታል እንጂ አይሰጠውም። ማይክ አንዴ ከእጅ ከወጣ ማስመለስ ጠብ ነው። ወንድ ከተናገረ ቀጥሎ ሴት፣ ከፊት ከተናገረ ቀጥሎ ከኋላ፤ ይህ ደንብ ከመጀመሪያው ይነገር። «አካሄድ» ለሚሉትም ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ ወረቀት ለጥፊና ጥያቄያቸው እዚያ ይጻፍ፤ በዕረፍት ሰዓት ይታይላቸዋል።

ጸሐፊዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ሂሳቡን ለሰብሳቢያችን አሳየኋቸው፤ ዝም ብለው አዩትና «ለመሆኑ ባለሙያውስ መቼ ይናገር?» አሉኝ። በዚህ ላይ ምን ልበላቸው?

ሌላም አለኝ። አንደኛ፣ ጠረጴዛው ላይም ቢሆን አንድ ሰው ብቻውን ቢያወራስ? ሁለተኛ፣ ከአባሎቻችን ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አሉ፤ ካርድ ስንሰጣቸው እንዳናሳፍራቸው እፈራለሁ። ሦስተኛ፣ ስለ ኦፕን ስፔስ የሚባል ዘዴ ሰው ነገረኝ፤ አጀንዳውን ተሳታፊው ራሱ ያወጣል አሉ። ለእኛ ይሆናል? ድምፅ አሰጣጡንም አትርሱብኝ።

መስኮት ዳር፦

እህት ዓለም፣ የማያነቡትን ነገር እኔ ልመልስ፤ የሠራሁት ከእነሱ ጋር ስለሆነ። ካርዱን ለሰው አትስጪ፤ አወያዩ ብቻ ይያዘው። ማንም የማይጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ማን መጻፍ እንደማይችል አይታወቅም። አንዳንድ አወያይ «ሁላችሁም ሁለት ደቂቃ ጻፉ» ብሎ ይጀምራል፤ በተማረ ሰው መሀል ጥሩ ዘዴ ነው፣ እናንተ ጋ ግን ገና ሳይጀመር ሰዉን ለሁለት ይከፍለዋል። በእሱ ፈንታ ሁለት ሁለት ሆነው ለሦስት ደቂቃ ያውሩ፣ ከዚያ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ለጠረጴዛው ይንገር። በሰው ፊት ለመናገር የሚፈራው ሰው ጎረቤቱ ሐሳቡን ሲናገርለት «አዎ፣ እሱንም ልጨምርበት» ብሎ ራሱ ሲገባ ታያለሽ።

ደግሞ የእናንተ ጉዳይ ቦታ ነው፤ ቦታ በቃል ብቻ አይወያዩበትም። የቦታውን ሥዕል ትልቅ አድርጋችሁ ወለል ላይ አንጥፉት፣ ሰው ዙሪያውን ይቁም። ጠጠር፣ ቅጠል፣ ቆርኪ፣ ያገኛችሁትን አቅርቡ። ሮበርት ቻምበርስ የሚባል የልማት ተመራማሪና ሌሎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያስፋፉት ይህንን መሬት ላይ ካርታ እየሠሩ መወያየትን ነው። ያልተማሩ እናት ጠጠሯን አንሥተው «መንገዱ በዚህ ካለፈ ልጆቹ የት ሊጫወቱ ነው?» ብለው ያስቀምጧታል፤ ባለዲግሪው ሊመልስላቸው ሲል እሱም ማጎንበስ አለበት። በእኔ ግምት ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይህ ይበልጣል። ሥዕሉ ላይ የሚታወቁ ምልክቶች፣ መግቢያው፣ ትልቁ ዛፍ፣ የውሃው ቧንቧ፣ አስቀድመው ይሣሉ፤ አቅጣጫውም ከቦታው ጋር ይግጠም። ካልገጠመ ግማሹ ሰዓት ግራና ቀኙን በመፈለግ ያልቃል። ሲያበቃ ፎቶ ሳታነሡ ጠጠር የሚያነሣ ሰው እንዳይኖር።

እናቶች ልጅ ይዘው ስለሚመጡ ልጆቹን የሚጠብቅ ሰውና ክፍል አዘጋጁ፤ አለዚያ ዕረፍት ላይ ግማሾቹ ይሄዱባችኋል። መስማት የተሳናቸው አባላት ካሉ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው የሚቆምበት ቦታ ብርሃን ከፊቱ እንጂ ከኋላው አይሁን። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያልፍበት ክፍተትም በጠረጴዛዎቹ መሀል ይተው። ይህን በምዝገባው ቀን ጠይቁ፤ በዕለቱ ቢጠይቁት አይረዳም።

የጥግ ወንበር፦

መስኮት ዳር ያሉት ስለ ካርዱ ልክ ናቸው፤ የሥዕሉን ነገርም እኔ ብሆን የቀኑ ዋና ክፍል አደርገዋለሁ። ለ300 ሰው ግን አንድ ሥዕል አይበቃም፤ አራት አምስት ቅጂ ይነጠፍ፣ ጠረጴዛዎቹ በተራ ይምጡ።

የቀሩትን ልመልስ። ባለሙያው 15 ደቂቃ ይናገር፣ ከዚያ መድረክ ላይ አይቆይ፣ በጠረጴዛዎች መሀል ይዙር። ጥያቄ ያለው ጠረጴዛ ካርድ ከፍ ያደርጋል፤ ሄዶ ይመልስና ይነሣል። ሰብሳቢሽን «ባለሙያው ብዙ ይናገራሉ እንጂ አያንሱም፤ ግን ለሚጠይቃቸው ሰው ነው የሚናገሩት» በያቸው። እሳቸውንም አትርሺ፤ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚናገሩት እሳቸው ይሁኑ፤ የተባለውን የሚቀበሉትም እሳቸው ናቸውና። ቦታ ያጣ ሰብሳቢ ስብሰባ ያደፈርሳል።

ብቻውን የሚያወራውን በተመለከተ፦ ደንቡ አንድ ነው፣ ሁሉም አንዴ ሳይናገር ማንም ሁለቴ አይናገርም። አንዳንዶች ወሬኛውን ጸሐፊ አድርጉትና ዝም ይላል ይላሉ። እኔ አልወደውም፤ አፉን ቢይዝም የራሱን ሐሳብ ብቻ ጽፎ ይመጣል።

ኦፕን ስፔስን ሃሪሰን ኦወን የሚባል ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመረው። ሰው በትልቅ ክብ ይቀመጣል፣ የሚያንገበግበው ጉዳይ ያለው መሀል ገብቶ ይጽፈውና ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ሌላው ወደ ፈለገው ቡድን ይሄዳል፤ የማይማርበት ወይም የማይጠቅምበት ቡድን ውስጥ ያለ ሰው ተነሥቶ ወደ ሌላው መሄድ መብቱ ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ለእናንተ ግን አይሆንም። መልሱ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውም ያልታወቀ ሲሆን ነው የሚያምርበት። እናንተ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፣ ጊዜያችሁም አጭር ነው። ወርልድ ካፌ ብለው የሚጠሩት፣ አራት አምስት ሰው በየ20 ደቂቃው ጠረጴዛ እየቀየረ የሚያወራበት ደግሞ ሐሳብ ለማዛመት እንጂ ለመምረጥ አይመችም።

ድምፁ። እጅ በማውጣት አይሁን፤ ሰው የጎረቤቱን እጅ አይቶ ነው የሚያወጣው። ሐሳቦቹ ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ክብ ስቲከር ስጪው፣ በሚመርጣቸው ላይ ይለጥፍ። ይህ ዘዴ ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንዱ ሰው ብዙ የተለጠፈበት ላይ መለጠፉ ነው፤ ስለዚህ ከወንበሩ ሳይነሣ ምርጫውን ስቲከሩ ላይ በቁጥር ወይም በምልክት ያስቀምጥ፣ ከዚያ ይሂድ። ሁለተኛው «የልጆች መጫወቻ» እና «ለሕፃናት መዝናኛ» ተለያይተው ተለጥፈው ድምፅ ሲከፋፈሉ ነው። ለለዪዎቹ ጊዜ የሚሰጣቸው ለዚህ ነው፤ ዕረፍቱን 30 ደቂቃ አድርጊው፣ ለሰው ዕረፍት፣ ለእነሱ ግን የቀኑ ከባድ ሥራ ነው። ውጤቱም ቁርጥ ውሳኔ ነው ብላችሁ አታውጁ፤ የፍላጎት ተርታ ነው። ጥቂት ስቲከር የተለጠፈበት ጉዳይ የአካል ጉዳተኛ መግቢያ ቢሆንስ? በድምፅ ብዛት የማይሻር ነገር አለ።

ኋላ የቀረሁት፦

ይህችን የመጨረሻዋን እቀበላለሁ። አንድ ልጨምር፦ ጥሬው ካርድ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ተተይቦ በሳምንት ውስጥ ይለጠፍ። ከጎኑ ኮሚቴው መልስ ይጻፍበት፤ ተቀብለነዋል፣ አልተቀበልነውም፣ ያልተቀበልነው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው «የእኔ ካርድ የታለ» ብሎ ይፈልጋል። ሲያገኘው ባይቀበሉትም እንኳ ይመጣል በሚቀጥለው።

ጸሐፊዋ፦

ሰብሳቢያችን በ15 ደቂቃው ተስማሙ፤ «ግን 20 እንበል» አሉ። እሺ አልኩ። ለአወያይነት የመረጥኳቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ሴቶቹ በዝተውብኛል፤ ይህ ችግር አለው?

የጥግ ወንበር፦

የለውም። 38 ብቻ ግን አትያዢ፤ በዕለቱ የሚቀሩ አሉና 42 አለማምጂ፤ ትርፎቹ በር ላይ ይመዘግባሉ። የአወያዮቹ ልምምድ በባዶ ወሬ አይሁን፣ በእውነተኛው ጥያቄ፣ በዚያው አዳራሽ ይሁን። ማርከሩንም ዛሬውኑ ሞክሪው፤ ጫፉ ቀጭን ከሆነ ከሦስት ሜትር አይነበብም፣ ቢጫውና ብርቱካናማው ደግሞ ከነጭራሹ አይታይም። ጥቁርና ሰማያዊ ብቻ ግዢ።